ለአሮጌ ስልክ አንድ ሥራ

«ዌብካም ይኖርሻል?» አሉ መምህሩ፣ ገና ከበሩ ሳይገቡ።

«አለ፣ ቲቸር። መጀመሪያ ይቀመጡ። ፌስታሉ ውስጥ ምንድን ነው የያዙት?»

«እሱ የሚጣል ነው። መንገድ ላይ ልዋጭ ካገኘሁ በሳፋ እለውጠዋለሁ ብዬ ነው።»

ቦታው አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት እጅግ ብዙ የሞባይልና የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች አንዱ ነው። ባለሙያዋ በአንድ ወቅት የመምህሩ ተማሪ ነበረች፤ ዛሬም «ቲቸር» ነው የምትላቸው። እሳቸውም «አንቺ ልጅ» ማለቱን አልተዉም። ፌስታሉን ተቀብላ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈችው። ሁለት ቴክኖ፣ ስክሪኑ የረገፈ ሳምሰንግ፣ አንድ አይፎን፣ ዱባይ የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ለዕረፍት ስትመጣ ትታላቸው የሄደችው ባለ 10 ኢንች ታብሌት። አንደኛው ቴክኖ ጀርባው ተነፍቶ ስታየው ሳትሰካው ለብቻ አስቀመጠችው። የቀሩት ቻርጀር ላይ ጥቂት ቆይተው ነፍስ ዘሩ።

«ዌብካም አልሸጥልዎትም» አለች። «ከምሸጥልዎት የተሻለ ካሜራ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አለ። ማይክም አለ፣ ሞኒተርም አለ።»

«እነዚህ እኮ አርጅተዋል። አይፎኑ ዋትስአፕ እንኳ አይከፍትም።»

«ስልክ አረጀ ሲባል ምኑ ነው የሚያረጀው?»

መምህሩ ትንሽ አሰቡ። «ባትሪው?»

«አዎ፣ መጀመሪያ የሚዳከመው ባትሪው ነው። ቀጥሎ ማከማቻው ይሞላል። አፖቹ በየዓመቱ እየከበዱ ይሄዳሉ፤ አምራቹም የሶፍትዌር ዝመና መስጠቱን ያቆማል። አይፎንዎ ዋትስአፕ የማይከፍተው ተበላሽቶ ሳይሆን የሚቀበለው የመጨረሻው ሶፍትዌር ዋትስአፕ ከሚጠይቀው ደረጃ በታች ስለሆነ ነው። ሌንሱን ግን ይዩት፤ ምንም አልሆነም። ማይኩም እንደ ድሮው ይሰማል። ስልኩን ያደከመው ሃያ ነገር በአንድ ጊዜ ሥራ መባሉ ነው። አንድ ሥራ ብቻ ሲሰጡት ይችላል።»

አሮጌ ስልክን እንደ አዲስ ለማድረግ የሚደክም ሰው ብዙ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። አፕ ያጠፋል፣ ፎርማት ያደርጋል፣ ባትሪ ይቀይራል፤ ከሳምንት በኋላ ስልኩ መልሶ ይንቀራፈፋል። ባለሙያዋ የምትለው ሌላ ነው። ስልኩ ከኮምፒውተር ጋር ሲያያዝ ከባዱን ሥራ ኮምፒውተሩ ይወስድለታል፤ ለስልኩ የሚቀረው ማየት፣ መስማት ወይም ማሳየት ብቻ ነው። ለእነዚህ ሦስት ሥራዎች ደግሞ ብዙ ሰው መሳቢያ ውስጥ የረሳው ስልክ ዛሬም ብቁ ነው።

መምህሩ ግን በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም። «ላፕቶፔ ላይ ካሜራ አለ፤ ደብዛዛ ስለሆነብኝ ነው ሌላ ልገዛ የመጣሁት። አሮጌ ስልክ ከእሱ የሚሻለው በምኑ ነው?»

«የላፕቶፑን ክዳን ውፍረት ይመልከቱ» ስትል መለሰች።

የክዳኑ ውፍረት ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ሌንሱም ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰርም እዚያች ቀጭን ቦታ ውስጥ መግባት ስላለባቸው ትንንሽ ሆነው ይሠራሉ። ለብዙ ዓመታት የአብዛኞቹ ላፕቶፖች ካሜራ 1280 በ720 ነጥብ ነበር፤ ሲባዛ አንድ ሚሊዮን አይሞላም። ከ8 ወይም ከ10 ዓመት በፊት የተገዛ መካከለኛ ስልክ የኋላ ካሜራው 8 ወይም 13 ሚሊዮን ነጥብ ያነሳል። ለቪዲዮ ጥሪ ያ ሁሉ ነጥብ አያስፈልግም። የሚጠቅመው ሰፋ ያለው ሴንሰርና የተሻለው ሌንስ ነው፤ ማታ በአንድ አምፖል ብርሃን ሲያወሩ ፊትዎ ይለያል።

ይህን ሥራ የሚሠሩት አፖች ብዙ ናቸው። ድሮይድካም፣ ኢሪየንና ካሞ በሰፊው የታወቁት ናቸው። አንዱን ስልኩ ላይ፣ አጋሩን ኮምፒውተሩ ላይ ይጭናሉ፤ ከዚያ በኋላ ዙምም ሆነ ጎግል ሚት ስልኩን እንደ ማንኛውም ዌብካም ያዩታል። ነፃ የሆነው መጠን ለትምህርትና ለስብሰባ ይበቃል፤ ከፍ ያለ ጥራት የሚፈልግ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ወቅት ዓለም ቤቱ ተቀምጦ ሲሠራና ሲማር ዌብካም ከየሱቁ ጠፍቶ ስለነበር ብዙ ሰው ይህን መንገድ የተማረው ያኔ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የተከተሉት ከዚያ በኋላ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2022 አይፎንን ለማክ ኮምፒውተር ካሜራ የሚያደርግ ችሎታ ጨመረ፤ የሚሠራው ከአይፎን ኤክስአር ጀምሮ ባሉት ነው። ጎግል ከአንድሮይድ 14 ጋር ፒክስል ስልኮቹ በኬብል ሲሰኩ ያለ ምንም አፕ ዌብካም እንዲሆኑ አደረገ። ማይክሮሶፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 በዊንዶውስ 11 ላይ ለአንድሮይድ ስልኮች ተመሳሳይ መንገድ ከፈተ።

«የእኔ አይፎን ከኤክስአር በፊት የወጣ ነው» አሉ መምህሩ።

«ችግር የለም። አፕ ስቶር ላይ አዲሱ የአፕ ቅጂ እምቢ ሲል ለእርስዎ ስልክ የሚሆነውን የቀድሞውን ቅጂ ላውርድ ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። እሱን እሺ ይበሉት። ከመጣ መጣ፤ ካልመጣ ደግሞ ቴክኖው አለ።»

«ያንን ሁሉ ምስል በአየር ሲልክ ዳታዬን አይጨርሰውም?»

ይህ ጥያቄ ጥገና ቤቱ ውስጥ በየቀኑ የሚነሣ ነው፤ ብዙ ሰው ነገሩን ሳይሞክረው የሚተወውም በዚሁ ስጋት ነው። መልሱ ግን አጭር ነው፤ አይነካውም። ስልኩና ላፕቶፑ የሚነጋገሩት እርስ በርሳቸው ነው። በኬብል ከተያያዙ ነገሩ በሽቦ ያልቃል። በዋይፋይ ከሆነም የሞባይል ዳታው ጠፍቶ ሆትስፖት ብቻ ተከፍቶ ላፕቶፑ እሱን ቢይዝ ምስሉ ከክፍሉ አይወጣም፤ ኢንተርኔት ጨርሶ በሌለበት ትምህርት ቤትም ይሠራል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው አፑን ለማውረድና ጥሪው ራሱ ከሩቅ ሰው ጋር ሲሆን ብቻ ነው።

ባለሙያዋ ኬብልን ትመርጣለች። ምስሉ አይዘገይም፣ ስልኩም እየሠራ ይሞላል። ሆኖም ሁለት ነገር ሰውን ያሰናክላል። አንደኛው ኬብሉ ነው፤ ገበያ ላይ ካሉት ርካሽ ኬብሎች ብዙዎቹ ውስጣቸው የኃይል ሽቦ እንጂ የመረጃ ሽቦ የላቸውም። ስልኩ ይሞላል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም፤ ሰውየውም ስልኩ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። ሁለተኛው አንድሮይድ ላይ «ዩኤስቢ ዲበጊንግ» የሚባለው ፈቃድ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚገልጸው ገጽ ላይ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን ሰባት ጊዜ ሲነኩት ተደብቆ የነበረው የገንቢዎች ዝርዝር ይወጣል፤ ፈቃዱ እዚያ ነው። ሥራው ሲያልቅ መልሶ መዝጋት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ክፍት ሆኖ ከማይታወቅ ኮምፒውተር ጋር ቢያያዝ ለጥቃት ያጋልጣል።

እስከዚህ ድረስ መምህሩ የሰሙት ለራሳቸው ለቪዲዮ ጥሪ የሚሆን ነገር ነበር። ስሜታቸው የተነሣው ባለሙያዋ ስልኩን ገልብጣ ካሜራውን ወደ ጠረጴዛው ስታዞረው ነው። ሁለት ክምር መጻሕፍት መካከል ማስመሪያ አጋድማ ስልኩን በላዩ አስተኛችው፤ ከሥሩ አንድ ቅጠል አስቀመጠች። የቅጠሉ ደም ሥር በላፕቶፑ ስክሪን ሙሉ ተዘረጋ።

«ክፍልዎ ውስጥ ፕሮጀክተር አለ አይደል?»

«አለ። መብራት ካለ።»

«እንግዲህ ይህ በሰሌዳው ላይ ነው የሚታየው። መጽሐፉን ቢያስቀምጡ መጽሐፉ፣ ሥዕል ቢሥሉ እጅዎ እየሣለ ይታያል። ይህን የሚሠራ መሣሪያ ለብቻው ይሸጣል፤ ቪዥዋላይዘር ይሉታል። ትምህርት ቤት ገዝቶት አያውቅም መሰለኝ።»

«ማይክሮስኮፑስ?» አሉ መምህሩ ድንገት።

ጥያቄው የመጣው ከሥራቸው ነው። የሽንኩርት ልጣጭ ተላጦ፣ በአዮዲን ተነክሮ፣ የዕፅዋት ሴል በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ትምህርት የባዮሎጂ መምህር ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ማይክሮስኮፕ ባለበት ክፍል ተማሪው ተሰልፎ በየተራ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። ያየው ኒውክለሱን ይሁን የአየር አረፋ መምህሩ ማወቅ አይችልም፤ ሁለቱ አንድን ነገር በአንድ ጊዜ አያዩምና። ክፍለ ጊዜው ሰልፉ ሳይጋመስ ያልቃል።

ስልክ ይህን ይለውጠዋል። የስልኩ ሌንስ ዓይን በሚሆንበት ቦታ፣ ከማይክሮስኮፑ ማያ ጥቂት ከፍ ብሎ ሲያዝ የሚታየው ሁሉ ወደ ስልኩ ይገባል፤ ከስልኩ ወደ ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፑ ወደ ፕሮጀክተር። መምህሩ በጣታቸው ግድግዳው ላይ እያሳዩ «ይህ የሴል ግድግዳ ነው፣ ይህቺ ጠቆር ያለችው ኒውክለስ ናት» ማለት ይችላሉ፤ ክፍሉ በሙሉ ያያል፣ የተሳሳተውም ይጠይቃል።

ሥራው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ባለሙያዋም ይህን አልደበቀችም። ሌንሱ ከማያው መሐል በትንሹ ከሸሸ ስክሪኑ ይጨልማል። በእጅ ይዞ መቆም አይቻልም፤ ከካርቶን የተጠቀለለ፣ ማያውን አጥብቆ የሚይዝ ቱቦ ሠርቶ ስልኩን በላዩ ማሰር ያስፈልጋል። ምስሉ በጥቁር ክብ ተከቦ ሲመጣ ትንሽ ዙም ማድረግ ክቡን ያወጣዋል። ብዙ ካሜራ ያለው ስልክ ከሆነ ዋናውን ካሜራ መምረጥ ነው። ከሁሉ በላይ ፎከሱንና የብርሃን መጠኑን መቆለፍ ይገባል፤ አለዚያ ስልኩ በየሰከንዱ እንደገና ሊያስተካክል ሲሞክር ምስሉ ይዋልላል። ብዙዎቹ አፖች ለሁለቱም መቆለፊያ አላቸው።

«ማይክሮስኮፕ የሌለው ትምህርት ቤትስ?»

«ፎልድስኮፕ የሚባል ከወረቀት የሚታጠፍ ማይክሮስኮፕ አለ፣ ቲቸር። አሜሪካ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማኑ ፕራካሽ የሚባሉ ፕሮፌሰር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረጉት ነው። ከስልክ ሌንስ ጋር በትንሽ ማግኔት ይያያዛል።»

መምህሩ ቴክኖውን አንሥተው ሌንሱን በመሐረብ ጠረጉት። ጠርገውም ወደ ፌስታሉ አልመለሱትም።

የታብሌቱ ነገር ቀጠለ። ባለ 10 ኢንች ስክሪን ከላፕቶፕ አጠገብ ቆሞ ሁለተኛ ማሳያ መሆን ይችላል። ለዊንዶውስ ስፔስዴስክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ የቀድሞ የአፕል መሐንዲስ የጀመረው ዱኤት ዲስፕሌይ ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ ይሸጣል፤ አፕልም እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይድካር በሚል ስም አይፓድን ለማክ ሁለተኛ ስክሪን የሚያደርግ የራሱን አመጣ። መምህሩ ፈተና ሲያወጡ መማሪያ መጽሐፉ በታብሌቱ ላይ ተከፍቶ፣ ጥያቄዎቹ ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ይጻፋሉ፤ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው መዝለል ይቀራል።

«መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋላ» አሉ መምህሩ።

«ትልቁ ሞኒተር ነው የሚጠፋው። ላፕቶፑና ታብሌቱ በየራሳቸው ባትሪ ይቀጥላሉ። ግን እውነቱን ልንገርዎት፤ ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ይሆናል እንጂ ለፊልም አይመከርም። በዋይፋይ ሲሆን አይጡ ትንሽ ወደኋላ ይላል። ባትሪውም ይሟጠጣል፤ የተለመደው የላፕቶፕ ዩኤስቢ ሁለት ቀዳዳ የሚሰጠው ኃይል 2.5 ዋት ነው፣ ታብሌቱ ስክሪኑን አብርቶ ሲውል ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ተሰክቶም ቀስ እያለ ይወርዳል። በግድግዳ ቻርጀር እየሞሉ በዋይፋይ መሥራት አንዱ መፍትሔ ነው።»

መምህሩ ሌላ ጉዳይ ነበራቸው፤ ከትምህርት ቤት የወጣ ጉዳይ። የሠፈራቸው ዕድር ጸሐፊ ናቸው። ቃለ ጉባኤው ድሮ በእጅ ይጻፍ ነበር፤ አሁን አባላቱ በኮምፒውተር ተተይቦ እንዲቀርብ ይፈልጋሉ። መምህሩ እንግሊዝኛውን ይተይባሉ፤ ፊደሉን ግን እያንዳንዱን ሆሄ ከሁለት ቁልፍ እያገጣጠሙ ሲጽፉ አንድ ገጽ ሰዓት ይፈጅባቸዋል።

«ለዚህም ስልክ አለ እንዳትዪኝ።»

«አለ እንጂ። ጎግል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 በድምፅ ከሚጻፍባቸው ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛን ጨምሯል። ጂቦርድ የሚባለውን የጎግል ኪቦርድ ስልኩ ላይ ይጫኑ፣ አማርኛን ይምረጡ፣ ጎግል ዶክስ ይክፈቱ፤ ያንኑ ሰነድ ላፕቶፑም ላይ ይክፈቱት። ማይክራፎኗን ነክተው ይናገሩ። እርስዎ እየተናገሩ ጽሑፉ ላፕቶፑ ላይ ይወጣል።»

ሞከሩት። መምህሩ እንደ ክፍል ውስጥ ቃላቱን ነጥለው «የዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ እሑድ ጠዋት ተሰበሰበ» አሉ። ጽሑፉ ከአፋቸው ብዙም ሳይዘገይ ስክሪኑ ላይ ታየ። ይህ አሠራር ከዌብካሙ የሚለየው ኢንተርኔት መፈለጉ ነው። የሰው ስሞችን ያበላሻል፣ ሥርዓተ ነጥቡም በእጅ መስተካከል አለበት። ቢሆንም ከባዶ መተየብና የተጻፈውን ማረም እኩል ድካም አይደሉም። ዕድሜያቸው የገፋ ደራስያን፣ ለብዙ ዓመታት በእጃቸው የጻፉ የታሪክ ሰዎች፣ አሜሪካም ሆነ እስራኤል ሆነው ትዝታቸውን ለልጆቻቸው ማስቀመጥ የሚፈልጉ አባቶችና እናቶች ይህን አንድ ነገር ቢያውቁ ብዙ ያልተጻፈ ነገር ይጻፋል። አሮጌ ስልክ ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ለአማርኛ አንባቢ የሚቀርበው ይህ ነው፤ የሚገባውን ያህል ግን አልተነገረለትም።

ስክሪኑ የረገፈው ሳምሰንግ ደግሞ የልጃቸው ሠርግ ፎቶዎች ያሉበት ነበር። ባለሙያዋ ኤስሲአርሲፒዋይ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ተጠቀመች፤ ጂኒሞባይል በተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ውስጥ ሮማን ቪሞን የሠራውና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነው። ስልኩ የሚያሳየውን በሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ ያመጣዋል፤ በኮምፒውተሩ አይጥና ኪቦርድ ስልኩን ማዘዝ ይቻላል። ቅድም የተባለው የዩኤስቢ ፈቃድ ስልኩ ሳይሰበር በፊት ተሰጥቶ ስለነበር ፎቶዎቹ ወጡ። ፈቃዱ ባይሰጥ ኖሮ ይህ መንገድ ዝግ ነበር። እንዲህ ያለው ስልክ ስክሪን ሳይቀየርለት ጠረጴዛ ላይ ተሰክቶ ሊቀመጥና ከኮምፒውተሩ እየታዘዘ ሊሠራ ይችላል።

ሌላ አንድ ሥራ በአጭሩ። ዋይፋይ የሌለው የቆየ ዴስክቶፕ ያለው ሰው አሮጌ አንድሮይድ በኬብል ሰክቶ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» ቢከፍት ስልኩ የያዘውን ዋይፋይ ለዴስክቶፑ ያሳልፍለታል። ሲም ካርድ አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ክርክር ዞረ። መምህሩ የሚያነሡት ነገር ክብደት ነበረው።

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ አምስት ስልክ ከመጣል አዳንኩ እንበል። በዓለም ላይ የሚጣለው ስንት ነው? ይኼ የእኛን ኅሊና ከማሳረፍ ያለፈ ምን ይለውጣል? ጥፋቱ በሁለት ዓመት የሚያረጅ ዕቃ የሚሠራው ሰው አይደለም ወይ?»

ቁጥሩ ከመምህሩ ጎን ነው። በተባበሩት መንግሥታት ተቋማት የወጣው የእ.ኤ.አ. 2024 የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሪፖርት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አምርቷል፤ በአግባቡ መሰብሰቡና መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። በዚያው በ2022 ዊ ፎረም የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር 5.3 ቢሊዮን ስልኮች ከአገልግሎት ውጪ እንደሚሆኑ ገምቶ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚጣሉ እንኳ አይደሉም፤ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣሉ።

ባለሙያዋ ቁጥሩን አልካደችም። «አምራቹ ይጠየቅ፣ እኔም እስማማለሁ። አውሮፓ ኅብረት ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 2025 ጀምሮ ያንን ነው ያደረገው፤ እዚያ የሚሸጥ ስልክ ሽያጩ ከቆመ በኋላ 5 ዓመት የሶፍትዌር ዝመና፣ 7 ዓመት ደግሞ መለዋወጫ እንዲቀርብለት ያስገድዳል። ግን ቲቸር፣ አንድ ስልክ በዕድሜው ከሚያደርሰው የካርቦን ብክለት አብዛኛው ገና ሲመረት የደረሰ ነው። አፕል ራሱ ለአይፎን በሚያወጣቸው ሪፖርቶች አምስት እጅ ቢሆን አራት እጁ ያህል ከማምረት የሚመጣ ነው። ስልኩ እጅዎ ሲገባ ብክለቱ ተፈጽሟል። እሱን ጥለው አዲስ ዌብካም ሲገዙ ሌላ እንዲመረት አዘዙ ማለት ነው። ብሩስ? ዌብካሙም ቪዥዋላይዘሩም ሞኒተሩም በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገቡት።»

«እሱስ እውነት ነው።»

«የድሃ ብልሃት ብቻ እንዳይመስልዎት ደግሞ። ኢስቶኒያ ውስጥ የታርቱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጡት ሥራ የአሮጌ ስልኮችን ባትሪ አውጥተው በውጭ ኃይል እያሠሯቸው፣ እርስ በርስ አያይዘው ትንሽ የመረጃ ማዕከል ሠርተዋል። ለአንዱ ስልክ የወጣው ወጪ 8 ዩሮ ገደማ ነው። ከሙከራዎቻቸው አንዱ ባሕር ውስጥ ገብቶ ያሉትን እንስሳት የሚቆጥር ነበር።»

መምህሩ በከፊል ተስማሙ። ስለ አምራቾች ያሉትን አልሳቡም፤ መሳብም አይገባቸውም ነበር። ርካሽ ስልኮች ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በላይ ዝመና አያገኙም፤ ገዥው ይህን ሲገዛ የሚነግረው የለም። የአንድ ቤተሰብ ቁጠባ ይህን አያስተካክለውም። የሁለቱ ክርክር እዚህ ላይ ሳይቋጭ መቅረቱ ትክክል ነው።

የዝመና መቅረት ሌላም መዘዝ አለው፤ ዝመና የቆመበት ስልክ የደኅንነት ቀዳዳዎቹ አይደፈኑም። ስለዚህ የባንክ አፕ፣ የቴሌብር መክፈቻ፣ ዋናው ኢሜይል እንዲህ ያለ ስልክ ላይ መኖር የለባቸውም። ባለሙያዋ መሣሪያ ሊሆን ከተመረጠው ስልክ ሁሉ መጀመሪያ ውስጡ ያለውን መረጃ ታጠፋለች፤ ፎቶው ይወጣል፣ ስልኩ እንደ አዲስ ይደረጋል፣ ከዚያ ለዚሁ ተብሎ በተከፈተ ባዶ አካውንት የሚያስፈልገው አንድ አፕ ብቻ ይገባበታል። ቅደም ተከተሉ ይታወቅ፤ ከማጥፋት በፊት ከጎግል ወይም ከአፕል አካውንት መውጣት ግዴታ ነው። አንድሮይድ ከ5.1፣ አይፎን ከአይኦኤስ 7 ጀምሮ የስርቆት መከላከያ አላቸው፤ ከአካውንቱ ሳይወጣ መረጃው የጠፋ ስልክ ሲበራ የድሮውን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የይለፍ ቃሉን የረሳ ባለቤት የገዛ ስልኩ ይቆለፍበታል።

«ያኛውስ?» አሉ መምህሩ፣ ጀርባው ወደተነፋው ቴክኖ እየጠቆሙ። «ሌንሱ ደኅና ነው እኮ።»

«እሱን አይንኩት።»

የስልክ ባትሪ ሊቲየም አየን ነው። ሲያረጅ ወይም ሲጎዳ ውስጡ ጋዝ ይፈጠርና ያብጣል፤ የጀርባ ክዳኑን ወይም ስክሪኑን ገፍቶ ይወጣል። ያበጠ ባትሪ ከተበሳ ወይም ከታጠፈ ሊቀጣጠል ይችላል። ቻርጀር ላይ መሰካት የለበትም፤ መልሶ በመጫን «ለማስተኛት» መሞከርም አደጋ ነው። ክዳኑ በቀላሉ የሚከፈት ስልክ ከሆነ ባለሙያ ባትሪውን አውጥቶ ሊተካው ይችላል። አለዚያ ስልኩ ሥራው አብቅቷል።

ደኅና የሆነውንም ባትሪ ቢሆን ቀንና ሌሊት ሰክቶ መተው ያስረጀዋል። ሙሉ ሆኖ፣ ሞቆ መቆየት ሊቲየምን ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳዋል። ከክፍል ሲወጡ ይንቀሉት፤ ስልኩ የመሙያ ገደብ የሚያስቀምጥ ሴቲንግ ካለው 80 ወይም 85 በመቶ ላይ ያቁሙት። ለክረምቱ ዕረፍት ሲቀመጥ ሙሉም ባዶም ሳይሆን በግማሽ ተሞልቶ፣ ተዘግቶ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ከትራስ ሥር፣ ከመጋረጃ ሥር፣ ከወረቀት ክምር ላይ ሰክቶ መተው አይገባም።

መምህሩ የከፈሉት ለአንድ የመረጃ ኬብልና ለጥቂት ሰዓት ሥራ ነው። ታብሌቱ፣ አይፎኑና አንዱ ቴክኖ አብረዋቸው ወጡ፤ ሳምሰንጉ እዚያው ለሌላ ሥራ ሊዘጋጅ ቀረ።

ይህን የሚያነብ መምህር፣ ጸሐፊ ወይም ወላጅ ዌብካም ከመግዛቱ በፊት ቤት ያለውን መሳቢያ ይክፈት። የሚበራውንና ጀርባው ያልተነፋውን ይለይ፣ ከአካውንቱ ወጥቶ መረጃውን ያጥፋ፣ አንድ ሥራ ይስጠው። ያበጠ ካገኘ ግን በቻርጀርም በመክፈቻም ሳይነካው፣ ሕፃናት ከማይደርሱበትና ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ አስቀምጦ፣ በዚያው ቀን ወደሚያውቀው ጠጋኝ ይውሰደው። ለልዋጭም አይስጠው፤ ከቆሻሻ ጋርም አይጣለው።